የማኅበራችሁ ምስጢር ሰሚ ለመሆን ካሰባችሁ

ማኅበር ባለበት ሁሉ የሚጎዳ አባል አለ። የሙያ ማኅበር ይሁን፣ የቁጠባና ብድር፣ የወጣቶች ወይም የስፖርት ክበብ፣ ልዩነት የለውም። አንዷን ኃላፊዋ ማታ ማታ በቴሌግራም ያስቸግራታል። አንዱ በስብሰባ መሀል በዘሩ ተሰድቦ ዝም ይላል። ሌላው ትዳሩ ፈርሶ፣ መጠጥ ይዞት፣ መዋጮውን መክፈል አቅቶት ፊቱን ማሳየት ያፍራል። እነዚህ ሰዎች ለማን ይንገሩ? ሊቀመንበሩ ጋ እንዳይሄዱ፣ ችግሩ ራሱ ሊቀመንበሩ ሊሆን ይችላል። ጓደኛ ጋ እንዳይሄዱ፣ ጅማ ላይ ጓደኛ ማለት ቡና አብሮ የሚጠጣ ነው፤ አቦል ላይ የተነሳ ወሬ ደግሞ በረካ ሳይፈላ ጎረቤት ይደርሳል። ስለዚህ ብዙው ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ቀስ እያለ ከማኅበሩ ይቀራል፣ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ለዚህ ነው አንዳንድ ማኅበራት ከአባላት መካከል አንድ ሁለት ፈቃደኛ ሰዎች መርጠው፣ የተቸገረ ሁሉ በምስጢር መጥቶ እንዲያናግራቸው የሚያደርጉት። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ትሰማላችሁ። ያሉትን መንገዶች ታሳያላችሁ። ሰውየው ከፈለገ አብራችሁት ትሄዳላችሁ። የሰማችሁትን ለማንም አትናገሩም። እኔ እዚሁ ጅማ በአንድ የሙያ ማኅበር ውስጥ ይህን ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ገና ልትጀምሩ ለምታስቡ ነው። ያስፈልጋል፣ ሰውም ያንሰዋል።

መጀመሪያ ኮሚቴው ይፈርም

"እሺ" ከማለታችሁ በፊት ከሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አንድ ገጽ ወረቀት ጠይቁ። ማን እንደመጣ እንደማትጠየቁ ይጻፍበት። ሊቀመንበሩም ቢሆን ስም እንድትነግሩት ሊያስገድዳችሁ እንደማይችል ይጻፍበት። የምትሰጡት ሪፖርት ስም የሌለው መሆኑ፣ ምስጢር ስለጠበቃችሁም ከአባልነት እንደማትነሱ ይጻፍና በቃለ ጉባኤ ይያዝ። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል" ከተባላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ የሚል ኮሚቴ የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ የመጣ ዕለት "ማናት እሷ?" ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ያኔ የምታሳዩት ነገር የላችሁም።

ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ይህን ሥራ መያዝ የለበትም። የእነሱ የቅርብ ዘመድም እንዲሁ። ይህ የእኔ ጥብቅነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤልጂየም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል፤ ከአመራሩ የሆነ ሰው፣ የሠራተኛ ተወካይ ወይም የድርጅቱ ሐኪም ግን ቦታውን መያዝ አይችልም። ምክንያቱ እዚህም ያው ነው። ነገ በጉዳዩ ላይ እጁን አውጥቶ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ዛሬ በምስጢር ልስማ ቢል ማን ያምነዋል?

ብቻችሁን አትግቡበት። ሁለት ሁኑ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ጅማ ላይ ደግሞ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ መሆን አለበት፣ ይህ ለእኔ የማይታለፍ ነገር ነው። ስብሰባ ላይ አማርኛ የሚያንበለብል ሰው ሆዱ ሲብሰው የሚናገረው በልጅነት ቋንቋው ነው። ከዳውሮ፣ ከካፋ፣ ከየም የመጡ አባላት ካሏችሁም ቋንቋቸውን የሚችል ሰው ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በምንም ዓይነት ግን የባለጉዳዩን ዘመድ አስተርጓሚ አታድርጉ።

ሽማግሌ አይደላችሁም

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። በዚህ ከተማ ይህን ሥራ ከወሬኛነት ይልቅ የሚያበላሸው ደግነት ነው። እኛ ጋ "እገሌና እገሌ ተጣሉ" ሲባል እግር ራሱ ይነሳል። የሰማው ሰው "ቆይ እኔ ላናግረው" ይላል፣ ከልቡም ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ የማንም ታሪክ አይደለም፣ ግን በየትኛውም ማኅበር ሊሆን ይችላል። አንዲት ወጣት አባል መጥታ፣ የሥልጠና አስተባባሪው መስክ ሲወጡ እንደሚነካካት፣ እምቢ ስትለው ደግሞ ከሠልጣኞች ዝርዝር እንደሚሰርዛት ትነግራችኋለች። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። የልጆች አባት ነው፣ እድር ላይ አብራችሁ ናችሁ፣ ክፉ ሰው አይመስላችሁም። እና አንድ ቀን ከሥራ ስትወጡ ያዝ አድርጋችሁ፣ ስሟን ሳትጠሩ፣ "ሴቶቹ ላይ ቀልድ ታበዛለህ አሉ፣ ተው እንጂ" ትሉታላችሁ። በቃ፣ አለቀ። እናንተ ስም ባትጠሩም እሱ ማን ላይ ምን እንዳደረገ ያውቃል። በዚያው ማታ ይደውልላታል። የላከላትን መልእክት ሁሉ ከሁለቱም ስልክ ያጠፋል፣ ቴሌግራም ላይ ይህ ይቻላል። በማግስቱ ለሁለት ለሦስት ሰው "ያቺ ልጅ ስሜን ልታጠፋ ነው" ብሎ ይቀድማታል። እሷ ገና ክስ ላቅርብ አላቅርብ እያለች ነው፤ ጉዳዩ ግን ከእጇ ወጥቷል።

ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። "ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ ብለሽ፣ ቤተሰብ አለው" ይባላል። ሽምግልናን አልንቅም። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የሁለት ነጋዴዎች የብር ጉዳይ፣ ሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ ሲቀመጥ ሽምግልና ፍርድ ቤት ከሚፈርደው የተሻለ ይፈታዋል። አንዱ አለቃ፣ ሌላዋ ጀማሪ ስትሆን ግን እርቁ የሚያልቀው ጀማሪዋ አንገቷን ደፍታ "እሺ" በማለቷ ነው፣ ሥልጠናውን የሚመራውም ያው ሰውዬ ይሆናል።

ስለዚህ ባለጉዳዩ በግልጽ ካልፈቀደላችሁ ለሌላው ወገን አንዲት ቃል አትናገሩ፣ በአሽሙርም፣ በምክር መልክም ቢሆን። ባለጉዳይዋ ራሷ ሽምግልና ከፈለገች መብቷ ነው። ሽማግሌ አይጠፋም። እናንተ ግን እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጡ፣ አስታራቂ የሁለቱም ወገን መሆን አለበት፣ እናንተ ደግሞ ከእሷ ጋር ናችሁ። የተከሰሰው ሰውም የሚያናግረው ቢፈልግ (ይፈልጋል፣ እሱም ሰው ነው) ሁለተኛው ሰሚ ይቀበለው። ሁለት ሁኑ ያልኩት ለዚህም ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት እናንተ የምስጢሩን ልክ ተናገሩ። ከሰማችሁ በኋላ "ይህንንማ መደበቅ አልችልም" ማለት ክህደት ነው። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦

"ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ የምትነግሪኝን ካንቺ ፈቃድ ውጭ ለማንም አላወራም፣ ለሊቀመንበሩም ለቤተሰቤም። ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ሕፃን ልጅ እየተጎዳ ከሆነም እንደዚያው፤ ፍርድ ቤት ካስገደደኝም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ አስቀድሜ የምነግረው ላንቺ ነው።"

የፍርድ ቤቱን ነገር አትዝለሉት። እናንተ ጠበቃም የነፍስ አባትም አይደላችሁም፣ መጥሪያ ከመጣላችሁ ቀርባችሁ መመስከር ግድ ሊሆንባችሁ ይችላል። ሰው ይህን አውቆ ይምረጥ። ለታላላቅ አባላት፣ ጋሼ ወይም ሐጂ ለምትሏቸው፣ ይኸውኑ በ"እርስዎ" በሉት፣ አትቀንሱት። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ይህን መናገር ነውር ነው ብሎ ማለፍ እሳቸውንም መጉዳት ነው።

ከዚያ ዝም በሉ። እውነት ዝም በሉ። ስልካችሁን አጥፉና እያየች ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ውኃ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ስታለቅስ ቶሎ ብላችሁ "አይዞሽ፣ ያልፋል" አትበሉ፤ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ንግግሩን ይዘጋዋል፣ ጨርሺ እንዳላችኋት ነው የሚሰማት። "አለሁ፣ ጊዜሽን ውሰጂ" ይበቃል። "ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም?"፣ "ምን ለብሰሽ ነበር?"፣ "እርግጠኛ ነሽ?" የሚባሉትን ጥያቄዎች ከአፋችሁ አውጥታችሁ ጣሉ። መርማሪ አይደላችሁም። እውነት ነው ውሸት ነው ብሎ መለየት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ወይም የፖሊስ ሥራ ነው፤ እናንተ ሁሉንም ዝርዝር ማወቅ አያስፈልጋችሁም፣ ባወቃችሁ ቁጥርም ሸክሙ ይበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ነገሩን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ "አሁን ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ "ምንም፣ የሚሰማኝ ሰው ፈልጌ ነው" ይላል። ይህም ሙሉ መልስ ነው፣ ወደ ክስ አትግፉት። ሌላው መንገዱን ማወቅ ይፈልጋል። ለዚያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ በቃል ማወቅ አለባችሁ፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ። ሴትየዋ በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንም ጥቃትንም ይከለክላል፣ አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪዋ ከፈጸመባትም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። የመንግሥት ሠራተኛ ግን የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ሕግ እናንተ አታብራሩ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ወደዚያ አገናኙ። አቅማችሁ ከፈቀደ ቀድማችሁ በአካል ሂዱና የትኛው በር እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠሩ እዩ። ተጨንቆ ለመጣ ሰው "አንድ ቦታ አለ አሉ" ማለትና "በዚህ በር ገብተሽ በስተግራ፣ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ" ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች

ተደፍራ ወይም ተደፍሮ የመጣ ሰው ካለ ውሳኔው የራሱ ሆኖ ሰዓቱን ግን መንገር አለባችሁ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ እሱም በቶሎ ሲሆን ነው። ሐኪም እስኪያያት ገላዋን ባትታጠብ፣ ልብሱን ሳታጥብ በወረቀት ብትጠቀልለው ጥሩ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ግን አይግባ፣ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከመጣችም ችግር የለም፣ አትቆጧት፣ ሕክምናው አሁንም ያስፈልጋታል።

ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ የመሰላችሁን ሰው በቀጥታ ጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ይህ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም እፎይ ያሰኘዋል። አዎ ካለ በምን፣ መቼ፣ ነገሩ ቤቱ ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የፀረ ተባይ መርዝ በቀላሉ በሚገኝበት በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል። ብቻውን አትተዉት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ አብራችሁት ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቧቸው።

ከተማችን ትንሽ ናት

ምስጢር የሚያመልጠው በአፍ ብቻ አይደለም። ቦታውን እዩ። የማኅበሩ ቢሮ አንድ በር ካለውና በሩ ፊት ለፊት ሁልጊዜ ሰው ከተቀመጠ፣ የገባው ሁሉ ታየ ማለት ነው። ፈረንጅ አራዳ ያለ ካፌም አይሆንም፣ አስተናጋጁ የአክስቷ ልጅ ነው። የክረምቱን ነገር ደግሞ አስቡበት። ጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁለታችሁም ሳታውቁት ድምፃችሁን ከፍ እያደረጋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ዝናቡ ቀጥ ሲል የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በኮርኒሱ በኩል ጎረቤት ክፍል ይገባል። እኔ ዝናብ ሲጀምር "እስኪያባራ እንጠብቅ" እላለሁ፣ ወይም ወንበሬን አስጠጋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ስለ ጉዳዩ በስልክ አታውሩ፣ ሾፌሩም አጠገባችሁ የተቀመጠውም ጆሮ አለው።

ስልክ ላይ፣ መልእክት ስክሪኑ ሲቆለፍ እንዳይታይ አድርጉ። ከባለጉዳይዋ ጋር መጀመሪያ የምትስማሙት ነገር ይህ ይሁን፦ ስልኳን ሌላ ሰው ይነካዋል ወይ? ባሏ የሚከፍተው ስልክ ላይ "እንዴት ሆንሽ፣ ወሰንሽ?" ብሎ መላክ አደጋ ነው። የድምፅ መልእክት በፍጹም አትላኩ፣ ሰው ጮክ አድርጎ ነው የሚከፍተው። መንገድ ላይ ስትገናኙ እንዴት ሰላም እንደምትባባሉም ተነጋገሩ። መርካቶ ወይም ለቅሶ ቤት መገናኘታችሁ አይቀርም፣ ድንገት ልዩ እቅፍና "እንዴት ነው ያ ነገር?" የሚል ሹክሹክታ ካየ ሰው ይጠይቃል። እንደ ድሮው ሰላም በሉ፣ ጉዳዩን እሷ ካላነሳችው አታንሱት።

ስም አለመጥራት ብቻ ምስጢር መጠበቅ አይሆንም። ከባልደረባችሁ ጋር ስትማከሩ "ቡና ላኪ ድርጅት የምትሠራ፣ መንታ የወለደች" ካላችሁ ስሟን ጠራችሁት ማለት ነው። ለኮሚቴ የምትሰጡት ሪፖርትም እንዲሁ። ማኅበሩ ትንሽ ከሆነ "ሁለት የትንኮሳ ጉዳይ" የሚል መስመር ራሱ ሰው ያስቆጥራል፤ "ዘንድሮ ሰዎች መጥተዋል፣ የሥልጠና ምርጫ አሠራሩ ቢታይ ጥሩ ነው" ማለት ይበቃል። ለራሳችሁ ማስታወሻ መያዝ ካለባችሁ ቀኑንና የተስማማችሁበትን ብቻ ጻፉ፣ ስም አይኑርበት፣ ቤት ውስጥም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍ።

የትዳር ጓደኛችሁን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። "ሰው ሊያናግረኝ ሊመጣ ይችላል፣ ምን እንደሆነ አልነግርሽም" ብሎ መጀመሪያ መነጋገር በኋላ ብዙ ኩርፊያ ያስቀራል።

የቀሩ ነገሮች

መጀመሪያ ሰሞን ማንም ላይመጣ ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆማችሁ ራሳችሁን በሁለቱም ቋንቋ አስተዋውቁ፣ ስልካችሁን የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። የሚመጣው የመጀመሪያ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ይዞ ነው፣ የመዋጮ ደረሰኝ ጠፋብኝ የሚል ዓይነት። ያ ነገር ወጥቶ ይወራ አይወራ ያያል። ካልተወራ ዋናውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ትንሿንም እንደ ትልቁ ያዟት።

ሰዓት ወስኑ። ሌሊቱን ሙሉ የሚደወልለት ሰው ብዙ አይቆይም። ብር አታበድሩ፣ ስጦታም አትቀበሉ። ጅማ ላይ ምስጋና ማለት አንድ ኪሎ ቡና ወይም ማር ነው፣ እምቢ ማለት ያስቀይማል፣ አውቃለሁ። "ለዚህ ሥራ ምንም እንዳንቀበል ደንብ ነው፣ ወረቀት ላይ አለ" በሉ፤ ደንቡን ኮሚቴው ወረቀት ላይ ያኔውኑ ይጻፍላችሁ። የሰማችሁት ነገር እንቅልፍ ሲነሳችሁም ለሁለተኛው ሰሚ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ፣ እንዴት እንደከበዳችሁ፣ ስለ እሷ ሳይሆን። ለወራት የማይለቃችሁ ከሆነ እናንተም ባለሙያ እዩ።

ሥራውን ስትለቁ ድንገት አትጥፉ። አንድ ወር ቀደም ብላችሁ እያናገራችኋቸው ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቁ፣ ወደሚተካችሁ ሰው መዛወር ይፈልጋሉ ወይስ እዚሁ ያቆማሉ? "ይዛወር" ላለው ብቻ፣ ያውም ምን ይነገርለት እንደሆነ ራሱ መርጦ፣ አዲሱን ሰው አገናኙት። ማስታወሻውን አቃጥሉ፣ የስልኩን መልእክት አጥፉ። ለኮሚቴው የምትሰጡት ደብዳቤ ላይ የምትለቁበት ቀን ብቻ ይኑር።